የሜፍራው ሂልዳ መንደር፦ ከስሎተርቫርት እስከ ዴልፍስሃቨን

ቅዳሜ፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፤ አምስተርዳም

ከቤቴ ስወጣ ሰፈሬ ኢንዲሸ ቡርት ገና አልነቃም። የዳፐር ገበያ ነጋዴዎች ብቻ የድንኳናቸውን ብረት እያጋጩ ያቆማሉ፤ አንድ የሱሪናም ሰው ብርቱካን ከመኪና እያወረደ ያፏጫል። የመጀመሪያውን ትራም ይዤ ከተማውን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ አቋረጥኩት። የዳግማይ ትንሣኤ ዋዜማ ነው፤ ጾሙ ተፈትቷል፣ ብርዱ ግን እንዳለ ነው። ስሎተርቫርት ስደርስ ፀሐይዋ ብቅ አለችና የእነዚያ ረጃጅም ፎቆች መስኮት ሁሉ ባንድ ጊዜ ቀላ።

ሜፍራው ሂልዳ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ በትራቸውን ተደግፈው ከታች በር ላይ ቆመው ይጠብቁኛል። ሜፍራው በዚህ አገር ቋንቋ ወይዘሮ ማለት ነው። ዕድሜያቸው ስልሳ ሁለት ነው። በረዶ አዳልጧቸው ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ በሳምንት ሦስት ቀን ቤታቸውን የማጸዳውና ገበያ የምወጣላቸው እኔ ነኝ። ዛሬ ግን የሥራ ቀኔ አይደለም። ዛሬ አብሬያቸው የምሄደው ስለለመኑኝ ነው።

"ወይና፣ ጫማዬ እንዴት ነው?" አሉኝ። ስሜ ወይንሸት ነው፤ ለምላሳቸው ሲከብዳቸው ጊዜ ያሳጠሩት እሳቸው ናቸው።

"ያምራል።"

"ለገበሬ ልጅ አልበዛም?"

የገበሬ ልጅ መሆናቸውን ያወቅሁት ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። ከዚያ በፊት ጀርመናዊት መሆናቸውን፣ ከጦርነቱ በኋላ የሆላንድ ሹፌር አግብተው እዚህ መምጣታቸውን፣ የብሬመን ከተማ ልጅ መሆናቸውን ነበር የማውቀው። ለሁሉም ሰው እንደዚያ ብለው ነው የኖሩት። ጀርመን ይህን አገር አምስት ዓመት ገዝታ ያደረሰችው ነገር ስላልተረሳ፣ ስለ ልጅነታቸው የሚጠይቃቸው ሰው አልነበረም፤ እሳቸውም አይናገሩም። በየዓመቱ ለጦርነቱ ሙታን አገሩ ሁሉ ሁለት ደቂቃ ዝም ሲል፣ እሳቸው መጋረጃቸውን ዘግተው ወጥ ቤት ይቀመጣሉ።

የዛሬ ሦስት ሳምንት ጠረጴዛ ስወለውል የፖላንድ ቴምብር ያለበት ፖስታ ከፊቴ አስቀመጡ።

"የብሬመን ልጅ አይደለሁም" አሉኝ። "ቢርከንሃይን የምትባል መንደር ነው የተወለድኩት። እኔ ስወለድ ጀርመን ነበረች። ዛሬ ፖላንድ ናት፤ ስሟም ብዤዚና ሆኗል። አንድ ወንድም ነበረኝ፣ ኦቶ። በአምስት ዓመቱ በጉሮሮ በሽታ ሞቶ እዚያ ተቀብሯል። መቃብሩ አለ ወይ ብዬ ለመንደሩ ቄስ ጻፍኩ።"

መልሱን የጻፈው ቄሱ አልነበረም። የመቃብር ጠባቂው ነው፤ በእርሳስ፣ ስህተት በበዛበት ጀርመንኛ። "መቃብሩን አውቀዋለሁ። እርስዎንም አውቅዎታለሁ። ከፋሲካ በኋላ ሮተርዳም ልጄ ዘንድ እመጣለሁ። ይምጡ፤ በወረቀት የምጽፈው ነገር አይደለም። ስታኒስላቭ።"

"ስሙን ሳይ አወቅሁት" አሉኝ ሜፍራው ሂልዳ። "በጦርነቱ ጊዜ አባቴ ግቢ ውስጥ ይሠራ ነበር።"

"ተቀጥሮ?"

"አይ። ተገዶ።"

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል፤ ባቡር ላይ

ከሴንትራል ጣቢያ ቢጫው ባቡር በሰዓቱ ተነሳ። በዚህ አገር ስድስት ዓመት ስኖር ባቡር በሰዓቱ ሲነሳ አሁንም ይገርመኛል። ሃርለምን እንዳለፍን መሬቱ ተለጠጠ፤ ኮረብታ የለ፣ ጉብታ የለ። ከዚያ ድንገት አበባው መጣ። ቀይ፣ ቢጫ፣ ወይን ጠጅ፣ እንደ ጥለት መስመር በመስመር እስከ ሰማይ ዳርቻ ተዘርግቷል። ተሳፋሪው ጋዜጣውን ያነባል፤ ቀና ብሎ የሚያየው እንኳ የለም። እኔ ግን ግንባሬን መስታወቱ ላይ ለጥፌ ቀረሁ።

ሜፍራው ሂልዳ የሚያዩት አበባውን አልነበረም። በአበባው መሃል የተቀደዱትን ቀጫጭን ቦዮች ነበር።

"የኛም መንደር እንደዚህ ነበረች" አሉ። "ውሃ ነበረች። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት የጀርመኖቹ ንጉሥ መሬቱን ያደረቀ ይውሰደው፣ ግብርም ለጊዜው አይከፍልም ብሎ አወጀ። ጥቂት የጀርመን ቤተሰቦች ከምዕራብ በጋሪ መጡ። ቦዩን እንዴት እንደሚቀድዱ ያሳያቸው የሆላንድ ሰው ነበር ይባላል። ከመጡት ውስጥ ብዙዎቹ በወባ አለቁ።"

"ወባ? ፖላንድ ውስጥ ወባ?"

"ረግረግ ባለበት ሁሉ ወባ አለ፣ ልጄ።"

ወባን የቆላ በሽታ ብቻ አድርጌ ነበር የማውቃት። በረዶ በሚወርድበት አገር የጀርመን ገበሬ ብርድ ልብስ ተከናንቦ በወባ ሲንቀጠቀጥ ታየኝና አፌን ያዝኩ።

"ከእነሱ በፊትስ ማን ነበር?" አልኳቸው።

"ይህን ትምህርት ቤት አላስተማሩንም። አያቴ ናት የነገረችኝ። ከኩሬው ማዶ የፖላንድ ዓሣ አጥማጆች ነበሩ። በርች የሚባለው ግንዱ ነጭ የሆነው ዛፍ ይበዛ ስለነበር፣ ቦታውን በቋንቋቸው የበርች ዱር ይሉት ነበር። የኛ ሰዎች መጡና ያንኑ ስም ወደ ጀርመንኛ ገለበጡት። ከጦርነቱ በኋላ ፖላንዶቹ ወደ ራሳቸው መለሱት። ቢርከንሃይንም ብዤዚናም ትርጉማቸው አንድ ነው።"

ሰዉ ተለዋውጦ፣ ቋንቋው ተለዋውጦ፣ ዛፉ ግን ስሙን አልለቀቀም። ይህን እያሰብኩ ላይደንን ማለፋችንን ሳላውቅ ቀረሁ።

መንደሯን ቤት በቤት እየቆጠሩ ነገሩኝ። የደወል ማማው ከእንጨት የሆነ ቤተ ክርስቲያን። ዳክዬ የሚዋኝበት ኩሬ። የብረት ቀጥቃጩ ቤት፣ ደጁ ላይ ሁልጊዜ ፈረስ የታሰረበት። አንድ ክፍል ብቻ ያለው ትምህርት ቤት። ከዚያ መምህሩ ተቀይሮ ሌላ መጣ፤ ግድግዳው ላይ የነበረው ሥዕል ወርዶ የሂትለር ፎቶ ተሰቀለ። የአይሁዳዊው የጨርቅ ነጋዴ ሱቅ አንድ ቀን ጠዋት ተዘግቶ፣ ቤተሰቡም ጠፍቶ ተገኘ።

"የት ሄዱ ብለን አልጠየቅንም" አሉ። "እኔ ልጅ ነበርኩ። አባቴ ግን ልጅ አልነበረም።"

ጦርነቱ ሊያልቅ ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ በታላቁ በረዶ፣ የሩሲያ ጦር ደረሰ ተባለ። ጠዋት ወሬው መጣ፣ ከቀትር በኋላ መንደሩ ሁሉ በጋሪ ወጣ። ያን ጊዜ ሂልዳ የሃያ ዓመት ልጅ ነበሩ። አያታቸው መንገድ ላይ ሞቱ፤ መሬቱ ድንጋይ ሆኖ ስለነበር መቅበር አልቻሉም። ይህን ሲሉኝ ትኬት ተቆጣጣሪው መጣ። ትኬታቸውን አውጥተው ሰጡት፣ አመሰገኑት፤ ፊታቸውንም ወደ ቦዮቹ መለሱ።

ከረፋዱ ሦስት ሰዓት ከሩብ፤ ዴን ሃኽ

ዴን ሃኽ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ከተማ ናት። ቅዳሜም ቢሆን ሰዉ ከረባት ያደረገ ይመስላል። ጣቢያው ካፌ ውስጥ ያን የሚባለው ልጃቸው ይጠብቀናል፤ ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው፣ ረጅም፣ ጸጉሩ ከፊት የሳሳ፣ አንድ ሚኒስቴር ውስጥ የሚሠራ። እናቱ "ሮተርዳም የድሮ ሰው ልጠይቅ ነው፣ በመኪና ታደርሰናለህ?" ከማለት በቀር የነገሩት የለም።

ቡና መጣ፤ ከስኒው አጠገብ አንዲት ትንሽ ብስኩት፣ ያውም አንዲት ብቻ። ልነሳላቸው ስል ሜፍራው ሂልዳ ክንዴን ያዙኝ።

"ተቀመጪ። ብቻዬን ከሆንኩ አልናገርም።"

ተቀመጥኩ። እሳቸውም ተናገሩ። መንደሩን፣ ኦቶን፣ ስታኒስላቭን፣ ደብዳቤውን። እሳቸው እስኪጨርሱ ድረስ ልጃቸው ማንኪያውን ሲያገላብጥ ቆየ።

"አሥራ ሁለት ዓመቴ ሳለ ፓስፖርትሽ ላይ የትውልድ ቦታሽን ስም አይቼ ጠይቄሽ ነበር" አላቸው። እዚህ አገር ልጅ እናቱን እንዲህ ነው የሚያናግረው፤ እኔ አሁንም አልለመድኩትም። "የብሬመን ሰፈር ነው አልሽኝ። ካርታ ገዝቼ ፈለግኩት። አንድ ክረምት ሙሉ ብሬመን ላይ ፈለግኩት፣ እማዬ።"

"አውቃለሁ። ካርታውን አይቼዋለሁ።"

"እና ዝም አልሽ?"

"ትምህርት ቤት የጀርመን ልጅ እያሉ ሲሰድቡህ እየሰማሁ፣ ሌላ ምን ልጨምርልህ?"

ያን ተነስቶ ሂሳቡን ከፈለና ወጣ። ጥሎን የሄደ መሰለኝ። ባቡሩን ይዘን እንቀጥል ይሆን፣ ወደ አምስተርዳም እንመለስ ይሆን ብዬ ሳስብ፣ በመስታወቱ በኩል ትንሽ ሰማያዊ መኪና መጥታ በሩ ፊት ቆመች። ያን ወርዶ የኋላውን በር ከፈተልኝ፤ እናቱን ደግፎ ከፊት አስቀመጣቸው።

ከረፋዱ አምስት ሰዓት፤ ወደ ሮተርዳም

መንገዱ ሰፊ ነው፣ ሰማዩ ደግሞ ከመንገዱ ይሰፋል። ላሞች፣ ቦይ፣ አትክልት የሚበቅልባቸው የመስታወት ቤቶች፣ እንደገና ላሞች። መኪናው ውስጥ የሚሰማው የዝናብ መጥረጊያው ብቻ ነው፤ ካፊያ ጀምሯል።

ከዚያ ሮተርዳም ብቅ አለች። ከሩቅ የታዩኝ የወደቡ የጭነት ማንሻዎች ናቸው፤ አንገታቸውን ወደ ወንዙ ያሰገጉ የብረት ቀጭኔዎች ይመስላሉ። መሃል ከተማው ሁሉም አዲስ፣ ሁሉም ሲሚንቶና መስታወት ነው። አሮጌውን ከተማ በጦርነቱ ጊዜ የጀርመን አውሮፕላኖች በአንድ ቀን አቃጥለውታል። ሜፍራው ሂልዳ ፊታቸውን ከመስኮቱ አላዞሩም። በዚህ ከተማ በጭራሽ አልፈው እንደማያውቁ፣ ባላቸው በሕይወት ሳሉ እንኳ መንገድ አስቀይረው በሌላ በኩል ይሄዱ እንደነበር ኋላ ነገሩኝ።

ዴልፍስሃቨን ግን ከቦምቡ ያመለጠ ሰፈር ነው። ቦዩ ዳር አሮጌ ጀልባዎች ታስረዋል፤ ጠባብ የጡብ ቤቶች ትከሻ ለትከሻ ቆመዋል። አንዱ ሱቅ ደጅ የኬፕ ቬርድ ሰዎች የደረቀ ዓሣ ይሸጣሉ፤ ከአጠገቡ የቱርክ ዳቦ ቤት፤ ከዚያ ወዲያ የሞሮኮ ሥጋ ቤት። ከየትም የመጣ ሰው እዚህ የቤት ቁልፍ አግኝቷል። ያን መኪናውን አቁሞ ሞተሩን አጠፋና ከዴን ሃኽ ከወጣን ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረ።

"ሰውዬው ክፉ ነገር ቢናገሩሽ ወዲያው እንወጣለን።"

"አንወጣም" አሉት እናቱ። "ክፉ ነገር ቢናገሩኝ ተቀምጬ እሰማለሁ።"

እኩለ ቀን፤ ዴልፍስሃቨን

ደረጃው እንደ መሰላል የቆመ ነው። ከላይ በር ተከፈተና ቴሬሳ፣ የሽማግሌው ልጅ፣ እጇን በሽርጥ እየጠረገች "ግቡ፣ ግቡ" አለች፤ የሮተርዳም ሰው አግብታ እዚህ የምትኖር፣ ጉንጯ የቀላ ሴት ናት። ከኋላዋ አባቷ ቆመዋል። ቡናማ ሙሉ ልብስ፣ እስከ አንገት የተቆለፈ ሸሚዝ፣ ቤት ውስጥም ሆነው ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘዋል። ስልሳ አምስት ዓመታቸው ነው፤ እጃቸው ግን የመቶ ዓመት እጅ ነው።

ሜፍራው ሂልዳ የመጨረሻው ደረጃ ላይ ቆሙ።

"ደህና ዋሉ፣ አቶ ስታኒስላቭ" አሉ በጀርመንኛ።

ሽማግሌው ባርኔጣውን አንዴ አዞሩት። "ያን ጊዜ አቶ የሚለኝ አልነበረም" አሉ። "ይግቡ፣ ወይዘሪት ሂልዳ።"

ልጃቸው ያን፣ ትምህርት ቤት በተማረው ጀርመንኛ እየሰማ፣ ለኔ ወደ ሆላንድኛ ይመልስልኝ ጀመር። በጦርነቱ ጊዜ መንደሩ ውስጥ ሁሉም ስታኒስላቭን "አንተ" ሲሏቸው፣ እሳቸው የአሥር ዓመቱን ልጅ እንኳ "እርስዎ" ማለት ነበረባቸው አለኝ። አሁን ሁለቱም "እርስዎ" ይባባላሉ።

ቴሬሳ ሾርባ አመጣች። ከአጃ ዱቄት ተቦክቶ ቀናት ያደረ፣ የኮመጠጠ፣ እንቁላልና ቋሊማ ያለበት። የእርሾው ሽታ የእንጀራ ሊጥ አስታወሰኝ፤ ከአገሬ ከወጣሁ በሰው ቤት እንደዚያ የሚሸት ነገር አላገኘሁም። ማንም ግን ማንኪያ አላነሳም።

"ከመብላቴ በፊት የምናገረው አለኝ" አሉ ሜፍራው ሂልዳ። "እርስዎ ደረትዎ ላይ ፊደል ሰፍተው ይሄዱ ነበር፣ ፖላንዳዊ መሆንዎ እንዲታወቅ። ከኛ ጋር አንድ ማዕድ መብላት ክልክል ነበር፤ ጎተራ ውስጥ ነበር የሚበሉት። ሕጉ ነው እንል ነበር። አንድ ምሽት ግን ትኩሳት ይዞዎት መስኮታችንን አንኳኩ። እኔ ከውስጥ ነበርኩ። አየሁዎት። መጋረጃውን ሳብኩት። ይህን ደግሞ ሕግ አላዘዘኝም።"

ያን ግማሹን ተርጉሞልኝ አቆመ። ቀሪውን ከፊታቸው አነበብኩት፤ ኋላም እሳቸው ራሳቸው በቃላቸው ደገሙልኝ።

"በረዶ ይጥል ነበር" አሉ ሽማግሌው። "አስታውሰዋለሁ። ከሁለቱ ፈረሶች መሃል ገብቼ ተኛሁ። ሙቀታቸው አተረፈኝ።"

ይቅር ብያለሁም አላሉ፣ አላልኩምም አላሉ። ማንኪያቸውን አነሱ። እሳቸው ሲበሉ እኛም በላን።

ከዚያ በተራቸው ተናገሩ። መንደሩ በጋሪ በወጣበት ቀን የቀሩት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ሌሊቱን ከየበረቱ ጩኸት ሰሙ። ያልታለቡ ላሞች ነበሩ፤ ጡታቸው ተወጥሮ ይጮሃሉ። ስታኒስላቭ ከቤት ወደ ቤት እየሄዱ አለቧቸው፤ ወተቱን የሚጠጣው ሰው ስላልነበረ በረዶው ላይ ደፉት። ጣታቸው ማጠፍ እስኪያቅተው፣ ለቀናት። ያሳደዷቸውን ሰዎች ላሞች።

"ለምን?" አለ ያን፤ ሳያስበው አምልጦት።

"ላም ጀርመን አይደለችም" አሉት።

ከጦርነቱ በኋላ በጸደይ የጭነት ባቡር መጣ። ከምሥራቅ፣ ድንበር ተቀይሮ ለሶቪየት ከተሰጠው የፖላንድ መሬት የተነቀሉ ገበሬዎች ነበሩበት፤ ከነፍየላቸው፣ ከነድስታቸው፣ ከነቅዱሳን ሥዕሎቻቸው፣ ሳምንታት በባቡር ውስጥ የሰነበቱ። ከመካከላቸው የስታኒስላቭ የገዛ መንደር ሰዎች ነበሩ። እናታቸው መሞቷን፣ ቤታቸው መቃጠሉን፣ መመለሻ መንገዱም መዘጋቱን ነገሯቸው። ስለዚህ እዚያው ቀሩ። ለመጤዎቹ ውሃ ያለበትን ጉድጓድ፣ የሚያጨሰውን ምድጃ፣ የሚራገጠውን ፈረስ እያሳዩ ቤት ያስገቧቸው እሳቸው ናቸው። ብዙዎቹ ለዓመታት ሻንጣቸውን ሳይፈቱ ኖሩ። ዛሬ ወይ ነገ ጀርመኖቹ ይመለሳሉ፣ እኛም ወደ ቤታችን እንመለሳለን እያሉ።

ከኪሳቸው በጨርቅ የተጠቀለለ ደብተር አወጡ። የመንደሩ ትምህርት ቤት ውስጥ ወድቆ ያገኙት የጀርመን ልጆች ደብተር ነው። በአንድ በኩል የእያንዳንዱ ቤት የቀድሞ ባለቤት ስም፣ በሌላው በኩል ከዚያ በኋላ የገባው ሰው ስም። ከጀርባው ደግሞ የመቃብር ድንጋዮቹ ጽሑፍ፣ ረድፍ በረድፍ፣ ፊደሉ እንዳለ ተገልብጦ።

"እኔ የተወለድኩበት መንደር የማን ቤት የት እንደነበረ የጻፈ ሰው አልነበረም" አሉ። "ስለዚህ ይህችን ጻፍኳት።"

እኔ የወሎ ልጅ ነኝ። አጎቴ በድርቁ ጊዜ ከነቤተሰቡ በሰፈራ ወደ ምዕራብ ተወስዷል። ቤቱ ውስጥ አሁን ማን እንዳለ አላውቅም፤ እሱም የገባበት ቤት የማን መሬት እንደነበረ አያውቅም ይሆናል። የእኒህ ሰው ሸካራ ጣት ከአንዱ ስም ወደ ሌላው ሲሄድ፣ በዓይኔ ተከተልኩት።

ሜፍራው ሂልዳ የራሳቸውን ቤት መስመር አገኙት። የአባታቸው ስም በግራ፣ በቀኝ ደግሞ "ስታኒስላቭ" ይላል።

"እኛ ቤት የሚኖሩት እርስዎ ነዎት" አሉ።

"እኔ ነኝ።"

"ትልቁ ምድጃ አሁንም ያጨሳል?"

"ነፋሱ ከምሥራቅ ሲመጣ ብቻ።"

"ድሮም እንደዚያ ነበር!" አሉና ሁለቱም ሳቁ። ቴሬሳ ሳህኖቹን ይዛ ቆማ ቀረች፤ ያን እናቱን አይቷቸው እንደማያውቅ ሰው ያያቸዋል።

ሳቁ ሲበርድ ሽማግሌው ባርኔጣቸውን ከጉልበታቸው አንስተው ወንበሩ ላይ አኖሩት።

"ስለ ኦቶ መቃብር ልንገርዎ። በወረቀት መጻፍ ያልፈለግኩት ይህንን ነው። የጀርመን ጽሑፍ ሁሉ ይጥፋ የተባለበት ጊዜ ነበር። ሰው የመቃብር ድንጋዩን እየነቀለ ለግንብ፣ ለመንገድ ወሰደ። እኔም ወሰድኩ። ለላሞቼ በረት መግቢያ የሚሆን ድንጋይ ፈልጌ፣ ቀለል ያለውን መረጥኩ። የሕፃን ስለሆነ ትንሽ ነበር። ጽሑፉን ወደ ታች ገልብጬ ቀበርኩት። ለዓመታት እየረገጥኩት ወጣሁ፣ እየረገጥኩት ገባሁ።"

ያን ይህን ሲተረጉምልኝ ድምፁ ዝቅ አለ።

"ከዚያ አግብቼ የመጀመሪያ ልጄ ተወለደ፣ ማሬክ። በአምስት ዓመቱ ኩሬው ውስጥ ወድቆ ሞተ። በቀብሩ ቀን ጠዋት ላሞቹን ላወጣ ሄጄ በረቱ በር ላይ ስደርስ፣ ያንን ድንጋይ መርገጥ አቃተኝ። እግሬ እምቢ አለ። ሰዎች ለቀብር ሊመጡ ነው፣ እኔ በዶማ በረት እቆፍራለሁ። አብዷል አሉ። ፊደሉ ፋንድያ ሞልቶት ነበር፤ በምስማር አጸዳሁት። ደብተሬን አይቼ ወደ ቦታው መለስኩት፣ ሦስተኛው ረድፍ፣ ከበርቹ ሥር። ቄሱ ማሬክን የት እናሳርፈው አሉኝ። ከኦቶ አጠገብ አልኳቸው።"

ከታች ቦዩ ላይ አንዲት ጀልባ ታልፋለች፤ ሞተሯ ቱክ ቱክ ይላል። ቴሬሳ ከበሩ አጠገብ እንደቆመች ተናገረች።

"በየዓመቱ በኅዳር ወር መጀመሪያ ለሙታን ሻማ እናበራለን" አለች። "እናቴ ሁልጊዜ ሁለት ትሰጠኝ ነበር፤ አንዱን ለማሬክ፣ አንዱን ለኦቶ። ትምህርት ቤት እስክገባና ፊደል እስክለይ ድረስ፣ ኦቶ ወንድሜ ይመስለኝ ነበር።"

ሜፍራው ሂልዳ ተነሱ። ዳሌያቸውን እንዳመማቸው ረስተው፣ በትራቸውን ሳይይዙ፣ ሦስት እርምጃ ሄደው ቴሬሳን አቀፏት። አንገቷ ሥር ገብተው አለቀሱ። ድምፅ አውጥተው፣ እንደ ለቅሶ ቤት። እኔም አለቀስኩ። አርባ ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም ያላስታወሰው የመሰላቸው ሕፃን፣ ስሙን ማንበብ በማትችል ልጅ እጅ በየዓመቱ ሻማ ሲበራለት ኖሯል።

ስንወጣ ሽማግሌው እስከ ታች ሸኙን። "በኅዳር ይምጡ" አሏቸው። "ትልቋን ክፍል አሞቃለሁ።"

"ዳሌዬ ከፈቀደ።"

"ባይፈቅድም ይምጡ። ጋሪ አለኝ።"

ከምሽቱ አንድ ሰዓት፤ ወደ አምስተርዳም

ካፊያው አባርቷል። በስተግራችን ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ቦዮቹን አንድ በአንድ ታበራቸዋለች። በዚህ ወቅት ቀኑ ማለቂያ የለውም፤ የአገሬ ሰው ራቱን በልቶ በሚተኛበት ሰዓት እዚህ ገና ቀን ነው። ሜፍራው ሂልዳ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ያዘኑ አይመስሉም፤ የደከማቸው ሰው ሲያርፍ የሚመስለውን ይመስላሉ። ያን በሃርለም በኩል አልሄደም፤ ቀጥታ በትልቁ መንገድ ነዳው።

ስሎተርቫርት ስንደርስ ከፎቁ ሥር አቆመ። ብዙ ጊዜ እናቱን በር ላይ አውርዶ፣ በመስኮት እጁን አውለብልቦ ነው የሚሄደው። አሁን መኪናውን ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ከተተና ክንዱን ሰጣቸው። አሳንሰሩ እኛ በሌለንበት ተበላሽቷል፤ አራተኛ ፎቅ ድረስ በእግር ነው። እኔ ቦርሳቸውን ይዤ ከኋላ ተከተልኩ።

አንድ ደረጃ፣ እረፍት። ሌላ ደረጃ፣ እረፍት። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ያን ቆመ።

"እማዬ፣ ኦቶ ምን ዓይነት ልጅ ነበር?"

ሜፍራው ሂልዳ የደረጃውን ብረት ይዘው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። እንደዚህ ብሎ የጠየቃቸው ሰው ኖሮ እንደማያውቅ ገባኝ።

"ዳክዬ ይፈራ ነበር" አሉ። "ከኩሬው ወጥተው ሲያባርሩት እየጮኸ ይመጣና ከኋላዬ ይደበቅ ነበር። ቀሚሴን ይዞ፣ በብብቴ ሥር አጮልቆ እያየ ይሰድባቸዋል። የሚያውቀው ስድብ አንድ ብቻ ነበር።"

"ምን ነበር?"

ጆሮው ላይ ነገሩት። እኔ አልሰማሁትም። የያን ሳቅ ብቻ ከታች እስከ ላይ በደረጃው ሁሉ ሲያስተጋባ ሰማሁ፤ እሳቸውም አብረውት እየሳቁ ወደ ሦስተኛው ፎቅ መውጣት ጀመሩ።